«ማን ጨመቀው?»፦ የአየር ግፊትን ለትንንሽ ተማሪዎች ማስረዳት

ከፔርሙዝ የተቀዳ ትኩስ ውሃ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ እስከ ሩቡ ይጨመራል፤ ሃይላንዱ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይናጣል፤ ውሃው ይደፋና ክዳኑ ወዲያውኑ ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ መምህሩ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ እጁን አጣምሮ ይጠብቅ እንጂ አንዲት ቃል እንኳ መናገር የለበትም። ብዙም ሳይቆይ ጠርሙሱ «ቋ» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ጎኑ ይሰረጉዳል፤ ቀስ በቀስም ማንም ሳይነካው በጡጫ እንደተጨበጠ ሆኖ ይጨማደዳል። አራት ኪሎ አካባቢ በማስተምርበት አራተኛ ክፍል ይህን ባሳየሁ ቁጥር ከኋላ ወንበር የሚነሣው ጥያቄ ቃሉ እንኳ አይለወጥም፦ «ቲቸር፣ ማን ጨመቀው?»

ጥያቄው ከሚመስለው በላይ የበሰለ ነው። ጠያቂው የጠርሙሱ ጎን ወደ ውስጥ የገባው ከውጭ አንድ ነገር ስለተጫነው መሆኑን ሳይነገረው ተረድቷል፤ የቀረው የተጫነው ማን እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው። አብዛኛው የክፍሉ ልጅ ግን «ውስጡ ያለው ነገር ሳበው» ብሎ ይመልስለታል። እኔ እንደማምነው የአየር ግፊት ትምህርት በሙሉ የሚያርፈው በእነዚህ ሁለት ግሶች፣ በ«ጨመቀ» እና በ«ሳበ» ላይ ነው። አየር አይስብም፤ አየር የሚያውቀው መግፋትን ብቻ ነው። ይህን አንድ ነገር በሚገባ የተረዳ የአሥር ዓመት ልጅ በኋላ ግፊት ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት መሆኑን ሲማር አይቸገርም፤ ቀመሩን ብቻ በቃሉ የያዘ ልጅ ግን በስትሮ ጭማቂ ሲጠጣ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ቢጠየቅ መልስ አይኖረውም።

ነገሩን የሚያከብደው በከፊል የራሳችን አነጋገር ነው። በውስጡ ፈሳሽ የሌለበትን ጠርሙስ «ባዶ» እንላለን፤ እኔም ከላይ ብያለሁ። በስትሮ «እንስባለን»፤ ነርሷ መድኃኒቱን በሲሪንጅ «ትስበዋለች»፤ ውሃ በጠፋ ሰሞን ከበርሜል ወደ ጀሪካን በጎማ «እንስባለን»። እነዚህን ቃላት ከልጆች አፍ ማጥፋት አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። የሚያስፈልገው ልጁ «ተሳበ» ባለ ቁጥር ከበስተጀርባ የገፋ እንዳለ ማወቁ ነው። «ግፊት» የሚለው ቃል ራሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ መግፋት ሲባል ልጁ የሚታየው ሞተሩ የጠፋ ታክሲ ከኋላ ሲገፋ ነውና ግፊት አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «አያቴም ግፊት አለባት» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ነገር ግን ልጅቷ አልተሳሳተችም። ደምም የሚፈስበትን ቧንቧ ግድግዳ ዙሪያውን ይገፋል፤ ግፊቷ ሲለካ የአያቷን ክንድ የሚጨምቀውም በሚጠመጠምበት ጨርቅ ውስጥ የሚነፋው አየር ነው።

ከጠርሙሱ ቀጥሎ ወደ ግፊት ቸኩሎ መግባት አይገባም፤ አየር ነገር መሆኑ ገና አልተረጋገጠምና። ለትንንሽ ልጆች አየር የሚኖረው ነፋስ ሲነፍስ ብቻ ነው፤ መጋረጃው ካልተንቀሳቀሰ ክፍሉ ውስጥ ምንም የለም። ይህን ለማረም አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሳፋ ውሃና አንድ ሶፍት ይበቃሉ። ሶፍቱ ተጨብጦ በብርጭቆው ታች ይወተፋል፤ ብርጭቆው ተገልብጦ ቀጥ እንዳለ ውሃው ውስጥ እስከ ታች ይዘፈቃል፤ ተመልሶ ሲወጣ ሶፍቱ ደረቅ ነው። ብርጭቆው በድጋሚ ገብቶ ትንሽ ዘንበል ሲደረግ ግን አረፋው እየተንቦጨቦጨ ይወጣል፤ ሶፍቱም ይበሰብሳል። ቦታውን ይዞ ውሃውን የከለከለው ያ አረፋ ሆኖ የወጣው ነገር መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ። መምህሩ ቀድሞ ከተናገረው ግን ትርኢቱ ከንቱ ይሆናል።

ቀጥሎ ክብደቱ ይመጣል። ልጆቹ የክፍላቸውን ርዝመትና ስፋት በሜትር ይለኩ፤ 8 ሜትር በ6 ሜትር፣ ቁመቱም 3 ሜትር ሆኖ ከተገኘ ክፍሉ 144 ሜትር ኩብ አየር ይዟል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር 900 ግራም ገደማ ስለሚመዝን በክፍሉ ውስጥ ያለው አየር 130 ኪሎ ያህል ይሆናል። ከስሌቱ በፊት ግምታቸውን ስጠይቃቸው አብዛኞቹ «ዜሮ» ይላሉ፤ ደፋሮቹ ግማሽ ኪሎ ይደርሳሉ። አየሩ ከአንድ ኩንታል ጤፍ በላይ እንደሚመዝን ሲያውቁ ቀና ብለው ኮርኒሱን ያያሉ፤ ያ የሚወድቅ ነገር የመፈለግ አስተያየት ትምህርቱ መግባት መጀመሩን ያሳየኛል።

ከክፍሉ ጣሪያ በላይ ደግሞ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ የሚዘልቅ አየር አለ፤ የዚያ ሁሉ ክብደት ከታች ባለው አየር ላይ ያርፋል። በአዲስ አበባ የሚገኘው ግፊት የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ቦታ፣ ማለትም በአንድ ሳንቲ ሜትር ካሬ ላይ፣ 780 ግራም ያህል ጭነት የማስቀመጥ ያህል ነው። ወርዱ 15፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳለ በሽፋኑ ላይ ከ230 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር የተቀመጠበትን ያህል ይጫናል። እዚህ ላይ አንድ ብልህ ልጅ ደብተሩን በሁለት ጣቱ አንሥቶ «ታዲያ እንዴት ቀለለኝ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ አየሩ ከደብተሩ ሥርም ገብቶ ያንኑ ያህል ወደ ላይ ስለሚገፋ ነው። የእኛም ሰውነት የማይደቅቀው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ በሳንባችን፣ በጆሯችንና በሆዳችን ያለው አየር፣ በደማችንና በሥጋችን ያለው ፈሳሽም የውጪውን ግፊት በእኩል ይመክታል።

ክብደት ወደ ታች ብቻ የሚጫን ከሆነ አየር ወደ ጎንና ወደ ላይ እንዴት ይገፋል? ለልጆች ለማስረዳት አስቸጋሪው ነጥብ ይህ ነው፤ እኔ የማውቀው ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ደግሞ ጠዋት ከፒያሳ የሚነሣው የከተማ አውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሲሞላ በመካከል የቆመ ሰው ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ እኩል ስለሚገፋ መያዣ ሳይጨብጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፌርማታ ላይ በሩ ሲከፈት ግን በሩ አጠገብ ያለው ሰው ሳይወድ በግድ ወደ ውጭ ይወጣል። ማን ሳበው? ከውጭ ማንም አልሳበውም፤ ከኋላው የነበረው ግፊት እንዳለ ሆኖ ከፊቱ የነበረው ስለጠፋ ብቻ ወጣ። የአየር ቅንጣቶችም እንዲሁ በየአቅጣጫው እየተሯሯጡ ያገኙትን ሁሉ ይመታሉ፤ አንድ ነገር የሚንቀሳቀሰው በአንዱ በኩል የሚመቱት ሲያንሱ ነው። ምሳሌው ፍጹም አይደለም፤ ተሳፋሪ ይደክመዋል፣ ይቆማል፣ የአየር ቅንጣት ግን ዕረፍት የለውም፤ ሆኖም የአዲስ አበባ ልጅ በትከሻው የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ማብራሪያ አይፈልግም።

አሁን ወደ ተጨማደደው ጠርሙስ መመለስ ይቻላል። ትኩሱ ውሃ ጠርሙሱን በእንፋሎት ሲሞላው ከነበረው አየር የተወሰነው እየተገፋ ወጥቷል። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ጠብታ ይሆናል፤ የቀረውም አየር ስለሚቀዘቅዝ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል። የውጪው አየር ግን እንደ ቀድሞው ይገፋል። ስለዚህ የጨመቀው ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠርሙሱን ከቦ የነበረው፣ ማንም ያላስተዋለው የክፍሉ አየር ነው። ክዳኑ ላላ ሲደረግ «ፍስስ» ብሎ አየሩ ይገባል፤ ጠርሙሱም ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ትኩሱን ውሃ የሚይዘው ዐዋቂ ብቻ መሆን እንዳለበት መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ በእሳት የጋለ ቆርቆሮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መክተትን የመሰለው ትርኢት ግን ምንም ቢያምር ለትንንሾች ክፍል አይመከርም።

«ሳበ» የሚለውን ግስ ከሥሩ የሚነቅለው ግን ሌላ ሙከራ ነው። የብርጭቆ የለስላሳ ጠርሙስ እስከ አፉ ውሃ ይሞላል፤ ስትሮ ይገባበታል፤ የጠርሙሱ አፍ በስትሮው ዙሪያ በወፍራም ሊጥ አየር በማያስገባ ሁኔታ ይደፈናል። ከዚያ በክፍሉ ውስጥ በጉልበቱ የታወቀው ልጅ ተጠርቶ እንዲጠጣ ይጠየቃል። ጉንጩ እስኪጎደጉድ፣ ፊቱም ቲማቲም እስኪመስል ድረስ ቢታገል ከጥቂት ጠብታ በቀር አይወጣለትም። ሊጡ በመርፌ ቀዳዳ ሲደረግበት ግን ያለ ችግር ይጠጣል። ልጁ ቀድሞም ውሃውን አልሳበም፤ በአፉ ውስጥ ያለውን ግፊት ቀነሰ እንጂ። ውሃውን በስትሮው ወደ ላይ የሚገፋው የውጪው አየር ነበር፤ ሊጡ ያን አየር ስለከለከለው ሥራው ቆመ። ጠርሙሱ የግድ የብርጭቆ መሆን ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ አየሩ ጎኑን ጨምቆ ውሃውን ያስወጣለት ነበር። ከዚህ የሚከተል አንድ አስገራሚ ነገር አለ፦ በአዲስ አበባ ያለው አየር ውሃን በቧንቧ ውስጥ ወደ ላይ ሊገፋ የሚችለው 8 ሜትር እንኳ ለማይሞላ ከፍታ ስለሆነ፣ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ሆኖ መሬት ላይ ካለ ብርጭቆ በስትሮ መጠጣት የሚችል ሰው የለም። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ልክ 10 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

በካርቶን የተከደነ ብርጭቆ ሲገለበጥ ውሃው የማይፈስስበት ሙከራ በብዙ ትምህርት ቤቶች ስለሚታወቅ በእሱ ላይ አልቆይም። 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ውሃ በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ካሬ ላይ 10 ግራም ብቻ ሲጫን፣ ከታች ያለው አየር 780 ግራም በሚያህል ኃይል ወደ ላይ እንደሚገፋ መናገር ይበቃል። የብርጭቆው አፍ የተሸረፈ ከሆነ ግን ሙከራው ከመምህሩ ጋር መጣላቱ አይቀርም።

ጠበቅ አድርጌ መናገር የምፈልገው ስለ ሻማው ነው። በሳህን ላይ ጥቂት ውሃ ተደርጎ በመካከሉ የበራ ሻማ ይቆማል፤ ብርጭቆ ይደፋበታል፤ ሻማው ይጠፋል፤ ውሃውም ወደ ብርጭቆው ውስጥ ይወጣል። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ «ሻማው ኦክስጅኑን ስለጨረሰው ውሃው ቦታውን ያዘ» የሚል ነው፤ እኔም ለዓመታት እንዲያ ብዬ አስተምሬያለሁ፤ ስሕተት ነው። ነበልባሉ የሚጠፋው ገና ብዙ ኦክስጅን እያለ ነው፤ በተቃጠለው ምትክም ካርቦን ዳይኦክሳይድና እንፋሎት ይፈጠራሉ። ውሃው የሚወጣው በዋናነት ነበልባሉ ያሞቀው አየር ነበልባሉ ሲጠፋ ስለሚቀዘቅዝና ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ የውጪውም አየር ውሃውን ገፍቶ ስለሚያስገባው ነው። ማስረጃው ዐይን ላይ ነው፤ ውሃው ሻማው እየነደደ ሳለ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ሻማው ሲጠፋ ግን በፍጥነት ይወጣል። በአንዱ ፈንታ ሦስት ሻማ ከበራ ደግሞ በብርጭቆው ያለው ኦክስጅን ያው ሆኖ ሳለ ውሃው ከቀድሞው ከፍ ብሎ ይወጣል። ልጆቹ ከሃይላንዱ ጋር አንድ ዓይነት ታሪክ መሆኑን ሲያስተውሉ፣ ሁለት የተለያዩ ተአምራት የመሰሏቸው ነገሮች አንድ ይሆኑላቸዋል።

እስካሁን «በአዲስ አበባ» እያልኩ የሄድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኙት ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ጠለል ቁጥሮች ናቸው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት በአማካይ 1,013 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ሲሆን፣ 2,355 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው ከተማችን ግን 770 ገደማ፣ ማለትም የዚያ ሦስት አራተኛ ነው። ከበላያችን ያለው አየር ያነሰ ስለሆነ የሚጫነንም ያነሰ ነው። ማስተማር በጀመርኩበት ትምህርት ቤት መጽሐፉ «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል» ይል ነበርና ልጆቹ በቴርሞሜትር እንዲያረጋግጡ አደረግን። ውሃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆሞ ቀረ። ባልደረባዬ «ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ አመጣ፤ እሱም 92 አለ። ሁለቱንም ሣጥን ውስጥ ዘግተን ለልጆቹ 100 ብለው እንዲጽፉ ነገርናቸው። የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ የውጪውን ግፊት መቋቋም ሲችል ነው፤ ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ ደግሞ ለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀት ያንሳል። ባቄላና ሥጋ እዚህ ለመብሰል ከቆላው የበለጠ ጊዜ የሚወስዱት፣ ክዳኑ የሚቆለፍ ድስትም እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን በመጨመር ማብሰያ ጊዜውን የሚያሳጥረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ መለካት የጀመረው ጣሊያናዊው ኢቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1643 አንድ ጫፉ የተደፈነ የብርጭቆ ቱቦ ሜርኩሪ ሞልቶ በሜርኩሪ ሳህን ላይ ሲገለብጠው፣ ሜርኩሪው 76 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ መውረዱን አቆመ፤ የያዘውም በሳህኑ ላይ የሚጫነው አየር ነበር። በ1648 ደግሞ የፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የእኅት ባል ቱቦውን ይዞ ፑይ ደ ዶም የተባለ ተራራ ላይ ሲወጣ ሜርኩሪው በ8 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለ። ያንኑ ቱቦ አዲስ አበባ ብናቆመው 58 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦ ብንወጣ ከዚያም ይወርድ ነበር። ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ ልጆች ፊት አይቀርብም። አያቲቱ የደም ግፊቷን ስትለካ የሚነገራት 120 በ80 ግን እስከ ዛሬ የሜርኩሪ ቁመት በሚሊ ሜትር ነው።

ከመምህራን መካከል ስልኩ ባሮሜትር፣ ማለትም የአየር ግፊት መለኪያ፣ ያለው ካለ ቱቦ አያስፈልገውም። በከተማችን በየ11 ሜትሩ ከፍታ ግፊቱ 1 ሄክቶፓስካል ያህል ስለሚቀንስ ደረጃ ሲወጡ እንኳ ቁጥሩ ሲለወጥ ይታያል። በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የቆመው 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ ጫፍ ላይ ያለው ግፊት ከምድር ቤቱ በ18 ወይም በ19 ሄክቶፓስካል ያንሳል፤ አሳንሰር ውስጥ ጆሮ የሚደፈነው ለዚህ ነው። የስልኩ የአየር ጠባይ መተግበሪያ ግን ለአዲስ አበባ ከ1,000 በላይ የሆነ ቁጥር ቢያሳይ መደናገር አይገባም፤ ከተሞችን ለማነጻጸር ሲባል ቁጥሩ ወደ ባሕር ጠለል ተሰልቶ የተቀመጠ ነው። ጎሚስታ ቤት ያለው መለኪያም የራሱ ተንኮል አለው፤ በተነፈሰ ጎማ ላይ ዜሮ ሲያሳይ ጎማው ውስጥ ምንም አየር የለም ማለት ሳይሆን የውስጡና የውጪው ግፊት እኩል ሆነዋል ማለት ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ደግሞ የተሳፋሪው ክፍል ግፊት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው እንዳያንስ ይደረጋል፤ ይህ ከአዲስ አበባ ጋር የሚቀራረብ ነው። ድሪምላይነር የሚባለው አውሮፕላን ክፍሉን በ1,800 ሜትር ገደማ ልክ ስለሚይዝ ከቦሌ የተሳፈረ ሰው ደመና ላይ ሆኖ ከቤቱ የበለጠ ግፊት ያገኛል።

የተረዱትን ለመፈተን የምሰጠው የቤት ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ያላችሁ፣ ባዶ ሃይላንድ እዚህ ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉና ላኩት። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ከወላጆቹ ጋር ቅዳሜ አዳማ ወርዶ ነበር፤ አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ሰኞ ጠዋት ጠርሙሱን ይዞ ሲመጣ ግን ፊቱ ጠቁሯል። «ቲቸር፣ እዚያ ተሰርጉዶ ነበር፤ እዚህ ስንደርስ ተመለሰ፤ ማንም አያምነኝም» አለኝ። ጠርሙሱን ተቀብዬ ጎኑን ባየው ከታጠፈበት የቀረች አንዲት ቀጭን መስመር አለችበት፤ ለክፍሉ አዞርኩላቸው። ከኋላ ወንበር የተለመደው ጥያቄ ተነሣ፤ መልሱን ግን እኔ አልሰጠሁም። ልጁ ዘወር ብሎ «የአዳማ አየር ነዋ!» አለው።